ያልበላችውን በላች ያልኩበት ቀን

ይህ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ዕድሜ ልኳን አንድ መደብ ላይ አብራኝ ለተኛችው ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለሸሆች አልነገርኩም። ሰግጄ ስጨርስ እጄን ዘርግቼ ለአላህ ስነግረው እንኳ ዳር ዳሩን ነው፤ መሀሉን እሱ ያውቀዋል እያልኩ። ዛሬ መሀሉን እጽፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ስለሆነ ጽሑፌ ይጎረብጥ ይሆናል። ይጎርብጣችሁ።

ያደረግሁት ይህ ነው። የእህቴ ልጅ ዘይነባ ሽማግሌ ፊት ቆማ «ምስክሬ አጎቴ ነው» ብላ ጠራችኝ፤ እኔም በሐሰት መሰከርኩባት። ያስገደደኝ ሰው የለም። ጠመንጃ የደገነብኝም የለም። ዘመኑ ጠመንጃ የሚደገንበት ዘመን ነበርና ይህን አስቀድሜ ልበል፤ ብዙ ሰው የሠራውን ሁሉ በደርግ ሲያሳብብ እሰማለሁ። እኔ በደርግ አላሳብብም። እኔ ነኝ ያደረግሁት።

ያን ጊዜ ኮምቦልቻ አንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበርኩ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ግቢው ምን አጠፋ? አገሬ ግን ወረባቦ ነው፣ ከቢስቲማ ወረድ ብሎ። ታላቅ እህቴ ፋጡማ እዚያው አግብታ ዘይነባን ወለደችና ብዙ ሳትቆይ ሞተች። ባሏ ይመር ሌላ ሚስት አገባ። ልጅቷና እንጀራ እናቷ አልተስማሙም። እኔም ከተሜ ነኝ፣ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነኝ እያልኩ አገር ቤት ስሄድ ደረቴን እነፋ ነበርና «ስጠኝ ላስተምራት» አልኩት ይመርን።

ይመር እሺ ለማለት ቸኩሎ አልነበረም። ሽማግሌ ሰበሰበ፣ ዱኣ ተደረገ፣ እዚያ ላይ ቃል አስገባኝ። ከትምህርት ቤትና ከቤቴ ሌላ የትም አትረግጥም፤ ዲኗም ስሟም በእኔ እጅ ነው። «ሰይድ» አለኝ፣ «ልጅ ብቻ እንዳይመስልህ የሰጠሁህ። ስሜን ነው የሰጠሁህ።» እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ ላስተምራት ብቻ ብዬ አልነበረም። ሚስቴ ከድጃ በላይ በላዩ ወልዳ ነበር። ውኃ የሚቀዳ፣ ልጅ የሚያዝል ሰው ያስፈልገን ነበር። ያን ጊዜ ኮምቦልቻ ውስጥ ከገጠር መጥተው ዘመድ ቤት ሆነው የሚማሩ ሴት ልጆች ሁሉ እንዲሁ ነበሩ። በስም ተማሪ፣ በሥራ ገረድ። ዘይነባ ጎህ ሲቀድ ውኃ ቀድታ፣ ቤት ጠርጋ፣ ልጅ አጥባ ነው ከእኔ ኋላ ወደ ትምህርት ቤት የምትሮጠው። አንድም ቀን አላማረረችም። ክፍሏ ውስጥ ከሴቶቹ አንደኛ ነበረች፤ ብዙ ጊዜ ከወንዶቹም።

ስምንተኛ ክፍል ስትገባ ሚስ መጣች።

ሚስ ሕንዳዊት ናት። ያን ጊዜ በየትምህርት ቤቱ የሕንድ አስተማሪ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ጠና ያሉ፣ ባልና ሚስት ሆነው የመጡ ናቸው። ይህች ገና ከኮሌጅ የወጣች፣ ከተማሪዎቹ ጋር ብትቆም የማትለይ ልጅ ነበረች። ወንድሟና ሚስቱ ደሴ ያስተምሩ ነበርና እነሱን ተከትላ አገር አቋርጣ መጣች፤ መንግሥት እኛ ጋ መደባት። ቅዳሜ ሽቅብ ወደ ወንድሟ ትወጣለች፣ ሰኞ ጠዋት ሳሪዋ ላይ ወፍራም ሹራብ ደርባ ትመለሳለች። የኮምቦልቻ ሙቀት ሲቀበላት ሹራቡን እያወለቀች በእኔ በር ታልፋለች።

«ሰይድ! ደሴ ብርድ፣ ኮምቦልቻ እሳት። መሀል የለም?»

«መሀሉ ገደል ነው ሚስ» እላታለሁ። ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ። ወድጃት ነበር። ይህን መጻፌ ለራሴ አይጠቅመኝም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ሒሳብ ነበር የምታስተምረው። በመጣች በትንሽ ጊዜ ውስጥ ሌላው አስተማሪ ሁሉ ሲያየው ኖሮ ያላየውን ነገር አየች፤ ሴቶቹ መልሱን እያወቁ አይናገሩም። ቢናገሩም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ ለደረታቸው ነው የሚነግሩት። ታዲያ ምን አደረገች? ከትምህርት በኋላ ሴቶቹን ኳስ ሜዳው አንድ ዳር ታቆምና ራሷ ሌላው ዳር፣ ግቡ ሥር ትሄዳለች። ከዚያ ሆና ጥያቄውን ትጮሃለች። ልጅቷም ከወዲህ መልሱን መጮህ አለባት። «አልደረሰኝም!» ትላለች ሚስ። እንደገና። «አልደረሰኝም!» አላፊ አግዳሚው አጥሩ ላይ ተደግፎ ይስቃል። አንዱ የጋሪ ነጂ «እቴ፣ ይህ ሁሉ ጩኸት ምን ተሰርቆ ነው?» ሲል ትዝ ይለኛል። ቆይቶ ግን ሳቁ ቀረ። ልጆቹ መልሱን ከዳር እስከ ዳር ይወረውሩት ጀመር። የዘይነባ ድምፅ እኔ የምጠብቀው በር ላይ ተቀምጬ ይሰማኝ ነበር።

ከድጃ አልወደደችውም። «እሷ እዚያ ትጩህ፣ እንስራውን ሚስ ትሸከምልኝ» ትላለች። እኔ ግን ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ደግነት እንዳይመስላችሁ። ዳይሬክተሩ ሚስን ያከብራት ስለነበር ነው።

ሚስ ልጆቹን ቤቷም ትወስዳቸው ነበር። ቤቷ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው። የሚያስጠናቸው፣ መብራት ያለው፣ ልጅ የማያስታዝላቸው ቤት ያ ብቻ ነበር። ምሳም ታበላቸዋለች። እዚህ ላይ የወሎን ነገር የማያውቅ ካለ ልንገረው። እኛ ከክርስቲያን ጎረቤታችን ጋር ልቅሶ እንቀመጣለን፣ ሠርግ እንሄዳለን፣ እንጋባለንም፤ ሥጋ ላይ ስንደርስ ግን እንለያያለን። የየራሳችን እርድ አለን። ሚስ ደግሞ ሥጋ የሚባል አትቀምስም። ዕንቁላል እንኳ አትበላም። ስለዚህ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ ከአንድ ድስት ምስርና ሩዝ ይበላ ነበር፤ ማንም ማንንም ሳይጠራጠር። አስቡት፣ እንዲህ ያለ ማዕድ በራሳችን ዘርግተን እናውቃለን? ከሩቅ አገር የመጣች ልጅ ዘረጋችው። እኔ ነኝ ያጠፍኩት።

አንድ ቀን የሚስ በዓል ነበር። እኔ የከሰል ጆንያ ተሸክሜላት ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው፣ ጆንያውን ደጃፉ ላይ አውርጄ ቆምኩ። ግድግዳው ላይ ትንሽ መደርደሪያ አለች፣ መደርደሪያዋ ላይ የአምላኳ ሥዕል፣ ሥዕሉ ፊት በጥጥ ክር የምትነድ መብራት፣ አበባ፣ አንድ ሙዝና ስኳር በሳህን። ልጆቹ መሬት ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። መሀላቸው ሙዝ የሞላ ቅርጫት አለ። ዘይነባ እጇን ወደ ቅርጫቱ ዘርግታ መለስ አደረገችው። በአገጯ መደርደሪያውን አሳየችና «ሚስ፣ ይሄ ከዚያኛው ነው?» አለች። ሚስ ሳቀች። «አይደለም። ያ የእኔ ነው፣ ለእኔ አምላክ። የአንቺ ከገበያ መጣ፣ ቅርጫት ገባ። አትፍሪ።» ዘይነባ ቢስሚላህ ብላ ከቅርጫቱ አነሳች። በላች። ቀና ስትል አየችኝ። «አጎቴ፣ ና ሙዝ ብላ» አለችኝ። ሥራ አለኝ ብዬ ሄድኩ።

ያየሁት ይህን ነው። ጠይቃ፣ ለይታ፣ ቢስሚላህ ብላ ነው የበላችው። ከዚህ በላይ ጠንቃቃ ልጅ የት ይገኛል? እኔ ራሴ ብሆን ሳልጠይቅ ነበር የምውጠው።

በዚያው ወቅት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው እኛም ሰፈር ደረሰ። ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ ቀበሌ አዳራሽ እንዲማር ታዘዘ። አስተማሪ አልበቃ ሲል ከፍ ያሉ ተማሪዎች ተመደቡ። ሚስ «ሴቶቹ ያስተምሩ፣ ይችላሉ» ብላ ለቀበሌው ተከራከረች አሉ። እኔ ከሥራ ወጥቼ፣ አዳራሹ ገብቼ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ቀና ስል ጠመኔ ይዛ የቆመችው ማን ናት? ጠዋት ውኃ አሙቃ እግሬን ያጠበችኝ ልጅ ናት።

በደንቡ ተማሪ ሁሉ ጓድ ነው የሚባለው። እቤት አጎቴ፣ አዳራሽ ጓድ ሰይድ። መጀመሪያ መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። ልጅቷ ጥሩ አስተማሪ ነበረች፤ ታገሠችኝ፣ እጄን ይዛ አስጻፈችኝ። ይህን አሁን የምጽፍበትን ፊደል ግማሹን ያስቆጠረችኝ እሷ ናት።

አንድ ቀን ወደ ሰሌዳው ጠራችኝና የጻፈችውን አንብብ አለችኝ። እርግጠኛ ስላልነበርኩ በአፌ ውስጥ አጉተመተምኩ።

«ጓድ ሰይድ፣ ድምፅዎ አልደረሰኝም» አለች።

እንደገና አጉተመተምኩ።

«አልደረሰኝም።»

ከኋላ አንዲት ጠላ ሻጭ ጎረቤታችን «ኧረ ጮክ በል! ለሌባ ስትጮህ ኮምቦልቻ ይነቃ የለ!» ብላ ለቀቀችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሳይቀር ዐይኑን እየጠረገ ሳቀ። ዘይነባም ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ክፋት አልነበረውም። ያኔም ዐውቅ ነበር። ሚስ ሜዳ ላይ እንዳስተማረቻት ነው ያስተማረችኝ፤ ለእሷ የጠቀማት ለእኔም የሚጠቅም መስሏት። ማታ ወደ ቤት ስንገባ «አጎቴ፣ አትቀየመኝ፤ ነገ ሰው ሳይኖር እዚሁ ላስጠናህ» አለችኝ። «እንስራሽን አንሺ» አልኳት።

አልተቀየምኩም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ዋሸሁ።

ከዚያ ወሬው ተነሣ። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ እኔ አይደለሁም፣ ይህ ብቻ የእኔ አይደለም። ከልጆቹ አንዷ የሚስን በዓል ለእናቷ አጫወተቻት፣ እናት ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለገበያ። ገበያ ሲደርስ ሕንዲቱ ልጆቻችንን ለጣዖት ታሰግዳለች ሆነ። «ላም ነው አሉ የምታመልከው» ይላል አንዱ። «ታዲያ እኛ ቤት ብትመጣ ለበሬዬ ትሰግድልኝ ነበር፣ ሰነፍ ነው ትምከርልኝ» ይላል ሌላው። ይስቃሉ። ወሬው ግን እየሳቀ ሽቅብ ደሴ ወጣ፣ ሰኞ ገበያን አዳረሰ፣ ከገበያተኛ ጋር ቢስቲማ ገባ። ይመር ጆሮ ሲደርስ የሚስቅ አልነበረም። «ያንተ ልጅ ለጣዖት የቀረበ በላች» ነው ያሉት።

ይመር መጣ። ሸህ እንድሪስን፣ ያን ቃል ስገባ ዱኣ ያደረጉትን አዛውንት፣ ከሌሎች ሁለት ሽማግሎች ጋር ይዞ መጣ። ከሰዓት በኋላ እኔው ግቢ ውስጥ ተቀመጡ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ሚስ ወሬውን ሰምታ ሳትጠራ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ልትናገር ስትል ሸህ እንድሪስ በትሕትና እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ አንቺ እንግዳ ነሽ። በእንግዳ አንፈርድም። የእኛ ነገር ከልጃችን ጋር ነው።» ክፋት አልነበረባቸውም። እሷ ግን ዝም እንድትል ሆነ።

ዘይነባ መሀል ቆመች። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሷል። ለፈተናው ፎቶ እንድትነሣ ሚስ ደሴ ፒያሳ ድረስ ይዛት ወጥታ ነበር። ይህን ፈተና ካለፈች ዘጠነኛ ትገባለች፤ ካልተቀመጠች ወደ ቢስቲማ ትመለሳለች፣ የሚጠብቃት ባል አለ፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆች ያሉት ሰውዬ። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም ዐውቃለሁ፣ ግቢው ሁሉ ያውቃል።

«በላሽ ወይ?» አሏት ሸህ እንድሪስ።

«አልበላሁም።»

ጥርት አድርጋ ነው የተናገረችው። ከሽማግሎቹ አንዱ ጆሮውን ነካ አድርጎ «ምን ያስጮሃታል?» ሲል ሰማሁት። ሚስ ያወጣችላት ድምፅ እዚያ ላይ ጥፋት ሆነባት።

«ማን አየሽ?»

«አጎቴ። ከሰል አምጥቶ በሩ ላይ ነበር። ሁሉን አይቷል።»

ሸህ እንድሪስ ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ፣ ደንቡን ዕወቂ። በገዛ አፍሽ የጠራሽው ምስክር ቢጥልሽ ሌላ አይጠራልሽም። እሱ ያለው ይጸናል። አስበሽ ነው?»

«አስቤ ነው። አጎቴ አይጥለኝም።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

አሁን ጠይቁኝ። እኔም ስጠይቀው ኖሬያለሁ። በዚያች ቅጽበት ምን ነበር በልቤ ውስጥ? ዲን ነበር? አልነበረም። ለዲን የሚቆረቆር ሰው በአላህ ስም ይዋሻል? ፍርሃት ነበር፤ እሱ አንዱ ነው። የትም አትረግጥም ብዬ ቃል ገብቻለሁ። አልበላችም ካልኩ ይመር «ታዲያ እዚያ ቤት ምን ትሠራ ነበር? አንተ እያየህ?» ሊለኝ ነው። በላች ካልኩ ግን እኔ ደብቃኝ የሄደችብኝ፣ ደርሼ በዓይኔ የያዝኳት፣ ዲኑን የሚወድ አጎት እሆናለሁ። ይህን ሁሉ አሰብኩ? አዎ አሰብኩ። ሰው በችኮላ ተሳሳትኩ ሲል ትሰማላችሁ፤ እኔ አልቸኮልኩም። ጊዜ ነበረኝ። ሽማግሎቹ ታግሠው ጠበቁኝ። በሩ ላይ ሚስ ልብ ብላ ታየኛለች፣ አሁን ሰይድ ይናገራል፣ አሁን ያልቃል በሚል ዓይን።

ከፍርሃቱ በታች ደግሞ ሌላ ነበር። ያቺ አዳራሽ። ያቺ ሳቅ። «አልደረሰኝም» ያለችኝ ልጅ አሁን መሀል ቆማ አፌን እየጠበቀች ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የእኔ ድምፅ የሚደርስበት ቀን መጣ። ጣፈጠኝ። ከዚህ በላይ የሚያስጠላ ነገር በራሴ ላይ መጻፍ ብችል እጽፍ ነበር። ጣፈጠኝ።

«ወላሂ» አልኩ፣ «ከጣዖቱ ፊት አንሥታ ስትበላ በዓይኔ አየሁ።»

ሚስ ቃሉን አልያዘችውም መሰለኝ፣ ወደ ሰዎቹ ፊት ታያለች። ዘይነባ አላለቀሰችም። አልጮኸችም። አየችኝ ብቻ። «አጎቴ» አለች፣ «ጠይቄ አልነበር?» ያን ሁሉ ሰው ትታ እኔን ብቻ ነበር የምትጠይቀው። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ሸህ እንድሪስ ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሷ አዩ። ሰውየው ብልህ ነበሩ፤ ያመኑኝም አይመስለኝም። ደንቡ ግን አሰራቸው፣ ምስክሩን የጠራችው እሷ ናት። «አፍሽን ተጉመጥመጪና ሸሃዳ ያዢ፣ ልጄ። አላህ መሓሪ ነው። ወደ ዲንሽ እንደገና ግቢ።»

«መቼ ወጥቼ ነው የምገባው?» አለች።

ውኃ ቀረበላት፣ ተጉመጠመጠች፣ ሸሃዳዋን አለች። ይመር አልመታትም፣ አልሰደባትም። ጋቢውን ወደ ሌላው ትከሻው አዞረና ፊቱን መለሰ። ቢመታት ይሻላት ነበር። ጨርቋን ጠቅልላ ኋላ ኋላው ተከትላው ወጣች። ሚስ በሩ ላይ ልትይዛት እጇን ዘረጋች። ዘይነባ እጇን ሳመቻትና አለፈች። ፈተናው ያለ እሷ ሆነ። ወሩ ሳይወጣ ተዳረች።

ሚስ በማግሥቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ መጣችብኝ። ሌሊቱን ሰው አስረድቷት ኖሯል። አማርኛዋ ያን ቀን ጠፋባት። «ሰይድ። አንተ አየህ። እኔ አንተን አየሁ፣ አንተ አየህ። ለምን?» «ሚስ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አልኳት። ቆመች። ተማሪ በግራ በቀኛችን እየገባ ነው። ከዚያ በኋላ በእኔ በር ስታልፍ ስለ ብርድና ስለ እሳት አልነገረችኝም። ወላጆች ልጆቻቸውን ከቤቷ ከለከሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ዳይሬክተሩ ክፍል ውስጥ ብቻ አስተምሪ አላት። ሜዳው ጸጥ አለ። ዓመቱ ሲያልቅ ደሴ ወጣች፣ ከዚያ ወደ አገሯ ሄደች አሉ። ያቺ ልጅ ከኮሌጅ እንደወጣች ባሕር ተሻግራ መጥታ የሠራችውን ሥራ እኔ በአንድ ወላሂ አፈረስኩት። ስንት ልጅ አፏን መልሳ በነጠላዋ እንደሸፈነች ማን ያውቃል? ዘይነባን ብቻ በደልኩ የምል ከሆነ እዚህም ዋሽቻለሁ።

እኔስ? እኔ ፊደሌን ጨረስኩ። በዘይነባ ቦታ አንድ ወንድ ልጅ መጥቶ አስተማረን፤ ጮክ በሉ አይልም። ማንበብና መጻፍ ቻልክ ተብዬ አዳራሹ ውስጥ አጨበጨቡልኝ። ደስ አለኝ። ይህንም ልጻፈው፣ ደስ አለኝ።

ዓመታት አለፉ። ደርግ ሊወድቅ የተቃረበበት ጊዜ ነበር። ለጉዳይ ደሴ ወጥቼ በሰኞ ገበያ ሳልፍ የማሾ እህል ዘርግተው ከተቀመጡ ሴቶች መሀል አንዷ «አጎቴ!» ብላ ተነሣች። ዘይነባ ናት። ከስታለች፣ ግን እሷው ናት። እጄን ሳመች። «አሰላሙ አለይኩም። ከድጃ ደህና ናት? ልጆቹ አደጉ? ያ ያዘልኩት አሁን ጎረምሳ ሆኗላ?» አለች። ስለ ልጆቼ ሁሉ በየስማቸው ጠየቀችኝ። እኔ ስለ እሷ ልጆች አልጠየቅሁም፤ ስማቸውን አላውቅም።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንድ ነገር ላስቸግርህ። አባቴ ዐይኑ ጠፍቷል፣ አቅሙም ደክሟል። የማስታምመው እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ግን ከእጄ ውኃ አይጠጣም። የልጄን እጅ ነው የሚቀበለው። እኔ ተቀይሜህ አይደለም አጎቴ፣ ያለፈው አለፈ። አንድ ጊዜ ና። አጠገቡ ተቀመጥና አልበላችም በለው። ሰው አትሰብስብ፣ ሽማግሌ አትጥራ። ለእሱ ብቻ ንገረው። ሌላ አልፈልግም።»

«ኢንሻ አላህ» አልኩ።

ኢንሻ አላህ አላህ ከፈቀደ እመጣለሁ ማለት ነው። እኔ ግን አልመጣም ለማለት ነበር ያልኩት። የአላህን ስም ሁለተኛ ጊዜ ለውሸት ጠራሁት። ያቺ ሴት፣ ዕድሜዋን ወስጄባት እያለ፣ የጠየቀችኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ዓይነ ስውር ሽማግሌ አጠገብ መቀመጥና ሁለት ቃል መናገር። ጦርነት ነው፣ መንገድ ተዘጋ አልኩ፤ መኪናው በፊቴ ሲሄድ አያለሁ። ጉልበቴን አመመኝ አልኩ። ረመዳን ይውጣ አልኩ። ረመዳን ወጣ። ይመር ሞተ።

ለቀብሩ ሄድኩ። ለቀብር መንገድ አልተዘጋብኝም፣ ጉልበቴም አላመመኝም።

ሰደቃው ላይ ዱኣ ከተደረገ በኋላ አንድ ሸህ ተነሡና «የተቀያየማችሁ ካላችሁ በሟቹ ስም አፉ ተባባሉ» አሉ። እኛ አገር ይቅር በለኝ ለማለት አፉ በለኝ እንላለን። ሰው መሀል፣ ሬሳ በወጣበት ቤት፣ አፉ በለኝ የተባለ ሰው እንቢ አይልም። አይቻለውም። እንቢ ቢል ነውሩ የእሱ ይሆናል። ይህን እኔ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? ዐውቅ ነበር። ስለማውቅ ነው ተነሥቼ ግቢውን አቋርጬ ወደ ሴቶቹ የሄድኩት።

«ዘይነባ፣ አፉ በይኝ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ጠበቀች። ለምን እንደሆነ እንድናገር ነበር የምትጠብቀው። ሁሉ ሰው ተሰብስቧል፤ አገሯ፣ ባሏ፣ ልጆቿ፣ ያ ሁሉ ዘመን ጣዖት የበላች እያለ ሲያንሾካሹክ የኖረ ጎረቤት። አባቷ ባይሰማም እነሱ ይሰሙ ነበር። ዝም አልኩ። አጠገቧ ያሉት ሴቶች «በይው እንጂ፣ አጎትሽ አይደለም?» ብለው ጎሰሟት።

«አፉ ብያለሁ» አለች።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ንፍሮ በላሁ። ሰዎች ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አላህ ይውደድልህ» አሉኝ። ይህን ስታነቡ ከሁሉም የከፋው የትኛው ነው ትሉ ይሆናል። የመጀመሪያው ነው ብዬ ዓመታት አስቤ ነበር። አሁን አይመስለኝም። በመጀመሪያው ስሟን ወሰድኩ፣ በሁለተኛው አባቷን። በሦስተኛው ቂሟን እንኳ አላስቀረሁላትም።

ስለዚህ እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ። ዘይነባ፣ ያን ቀን የሰጠሽኝን አፉ መልሼልሻለሁ። በሰው መሀል ጠምዝዤ የወሰድኩት ነው፤ የእኔ አልነበረም። ዳግመኛ አፉ በይኝ አልልሽም። ብትቀየሚኝ ሐቅሽ ነው፣ ሞቼም ብትቀየሚኝ ሐቅሽ ነው። እናንተም የምታነቡት እኔን ይቅር በሉ ብዬ አይደለም የጻፍኩላችሁ፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ቢስቲማ የሚሄድ ካለ ወይም እዚያ ዘመድ ያለው ካለ ግን ይህን ይንገርልኝ፣ ጮክ ብሎ፣ ሰው በተሰበሰበበት፦ የይመር ልጅ አልበላችም። ጠይቃ፣ ለይታ፣ ቢስሚላህ ብላ ከገበያ የመጣ ሙዝ በላች። አጎቷ ሰይድ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም አየ። እያየ ዋሸ።